ደህና ነኝ እያልኩ በአንጎሌ ፊልም ላይ የታየው

ይህን የምጽፈው በናታሊዙማብ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ታይሳብሪ በሚለው የንግድ ስሙ በምናውቀው መድኃኒት ለምትታከሙ የመልቲፕል ስክሌሮሲስ (በምህጻሩ ኤምኤስ) ሕሙማን ነው። አብረዋችሁ የሚኖሩትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔ ቨርጂኒያ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁም የደረሰብኝንና በዚያ ሰበብ ለማወቅ የተገደድኩትን ነው። መድኃኒቱን ላስፈራራችሁ እንዳልተነሣሁ ከወዲሁ እወቁልኝ። እኔን ለዓመታት በሁለት እግሬ ያቆመኝ እርሱ ነው።

ኤምኤስ የጀመረኝ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 በግራ ዓይኔ ነበር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያ የታዘዙልኝ መርፌዎች በሽታውን አላስታገሡትም፤ አንዴ እግሬን፣ አንዴ ሚዛኔን እየነካ ያገረሽ ነበር። በ2016 ታይሳብሪ ጀመርኩ። በየአራት ሳምንቱ 300 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጠኛል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጥቂት አርፌ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ማገርሸቱ ቆመ። በኤምአርአይ ፊልሞቼ ላይም አዲስ ቁስል መታየቱ ቀረ። እንዲህ ያለ እፎይታ ያገኘ ሰው መድኃኒቱን ለመተው ሲጠየቅ ለምን እንደሚያመነታ የሚገባው ያየው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራው በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ አንጎል እንዳይገቡ በመከልከል ነው። በኤምኤስ የነርቭን ሽፋን የሚያጠቁት እነዚሁ ሴሎች ስለሆኑ መከልከላቸው ይጠቅመናል። ችግሩ እነዚያው ሴሎች አንጎልን ከቫይረስ የሚጠብቁም መሆናቸው ነው። ጄሲ የተባለ ቫይረስ አለ። ከአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሳያውቁት በሰውነታቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም። ጥበቃው ሲላላ ግን አልፎ አልፎ አንጎል ውስጥ ይነቃና የነርቭ ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች ይገድላል። በዚህ የሚመጣው በሽታ በምህጻሩ ፒኤምኤል ይባላል። ታይሳብሪ በአሜሪካ በኅዳር ወር 2004 ተፈቅዶ በየካቲት 2005 ከገበያ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2006 የተመለሰው ተች በሚባል ጥብቅ የቁጥጥር ፕሮግራም ሥር ሆኖ ነው። እዚህ አገር መድኃኒቱን የሚወስድ ሁሉ በዚህ ፕሮግራም ይመዘገባል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ነርሷ መድኃኒቱን ከማገናኘቷ በፊት የምትጠይቃችሁ ጥያቄዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ማሰብ ላይ፣ ማየት ላይ፣ ሚዛን ላይ፣ ጉልበት ላይ ለቀናት የቆየ አዲስ ለውጥ አለ ወይ ትላለች።

ስጀምር በደሜ ውስጥ የጄሲ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል አልነበረም። ይህ ምርመራ በየስድስት ወሩ የሚደገም ነው፤ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቫይረሱን ሊያገኘው ይችላልና። እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ አለብሽ ተባልኩ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ውጤቱ አለ ወይም የለም በሚል ብቻ አያበቃም። ጠቋሚ ቁጥር አለው፤ የእኔ እያደገ ከ1.5 አለፈ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ባወጣው ስሌት፣ ቁጥሩ ከ1.5 በላይ የሆነና ከዚያ በፊት ሌላ የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት ያልወሰደ ሰው፣ ከአምስት ዓመት ሕክምና በኋላ ያለበት አደጋ ከ1,000 ሰዎች ወደ 10 ይደርሳል። ፀረ እንግዳ አካሉ ለሌለበት ሰው ግን ከ10,000 አንድ ያህል ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት መድኃኒት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይወስዳሉ፤ አደጋቸው ግን አይገናኝም። የራሳችሁን ቁጥር እወቁት። ካላወቃችሁት በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቁ።

ሐኪሜ ሁለት መንገድ አቀረቡልኝ፤ ወይ መድኃኒቱን መለወጥ፣ ወይ በአራት ሳምንት ፋንታ በየስድስት ሳምንቱ እየወሰድኩ በየሦስት ወሩ የአንጎል ኤምአርአይ መነሣት። ልዩነቱን ማራዘም የፒኤምኤልን አደጋ እንደሚቀንስ ነገሩኝ፤ እንደማያጠፋው ግን አልደበቁኝም። እኔም ሁለተኛውን መረጥኩ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ሌላውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

መራራው ነገር የመጣው ከኢንሹራንስ ኩባንያው ነው። ደህና የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ ምን ያደርግለታል ብለው ከለከሉ። ሐኪሜ የጄሲ ቁጥሬንና የሕክምናዬን ዘመን ጠቅሰው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከኩባንያው ሐኪም ጋርም በስልክ ተነጋገሩ። ተፈቀደ፤ ነገር ግን ዘወትር የምነሣበት ሆስፒታል ቀርቶ ዋጋው ወደሚቀንስ ሌላ ማዕከል ላኩኝ። ያን ጊዜ ከቤቴ የሚቀርብ በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። የቀድሞ ፊልሞቼ እዚያ እንደማይገኙ፣ ማሽኑም ሌላ እንደሆነ ማንም አላነሣውም። ሐኪሜ ብቻ፣ «ከዚያ ስትወጪ ዲስኩን ጠይቀሽ ያዢ፤ እዚህ አምጪልኝ» አሉኝ።

በ2021 ክረምት ተነሣሁ። ውጤቱ ከሐኪሜ ቀድሞ ስልኬ ላይ ገባ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሕግ ምክንያት ውጤት እንደወጣ ለታካሚው ይደርሳል። ሪፖርቱ፣ የቀድሞ ፊልም ለንጽጽር አልቀረበም፣ ለኤምኤስ የሚስማሙ ቁስሎች አሉ፣ በቀለም የሚበራ የለም ይላል። ቀለም የሚሉት በደም ሥር የሚወጋውን ጋዶሊኒየም ነው። እኔ ኤምኤስ እንዳለብኝ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ለኤምኤስ የሚስማማ ቁስል አለሽ የሚል ወረቀት ምን ያስደነግጠኛል? ሰውነቴም ደህና ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ድምፅሽ ዛሬ ጥሩ ነው» ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ጥሩ ነበር።

የመድኃኒቱ ቀን በዚያው ሳምንት ዋለ። ሄድኩ፤ ዲስኩን እግረ መንገዴን በእንግዳ መቀበያው ለሐኪሜ ሰጥቼ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገባሁ። ነርሷ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ለሁሉም የለም አልኩ፤ ሁሉም እውነት ነበር። መርፌው ክንዴ ላይ ገብቶ መድኃኒቱ እየተዘጋጀ ሳለ ስልክ ተደወለና ነርሷ አንስታ ሰማች፤ ከዚያም «ዛሬ አንሰጥሽም፤ ሐኪምሽ ወደ ቢሯቸው ነይ ብለዋል» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ጥያቄዎቹ ጠቃሚ ናቸው፣ በሐቅ መልሱ። ምልክት ያላመጣን በሽታ ግን ጥያቄ አያገኘውም። እኔን ያገኘኝ ፊልሙ ነው፤ እርሱም ከአሮጌው ጎን ስለተቀመጠ።

ቢሮው ውስጥ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ በግራ የሦስት ወር በፊቱ፣ በቀኝ የአሁኑ ፊልም ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ፍሌር በሚባለው ዘዴ የተነሡ ናቸው፤ በእርሱ የአንጎል ፈሳሽ ይጠቁራል፣ ቁስል ይነጣል። ሐኪሜ መጀመሪያ የቆዩትን የኤምኤስ ቁስሎቼን በእስክሪብቷቸው ጫፍ አሳዩኝ። ሞላላ ናቸው፣ በመካከለኛው ፈሳሽ ዙሪያ የሰፈሩ፣ ዳራቸው በሁሉም በኩል ጥርት ያለ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ወደ ቀኝ ግንባሬ በኩል አነሡት። እዚያ ከግራጫው የአንጎል ንጣፍ ሥር ተለጥፎ አንድ ነጭ ነገር አለ። ቡና ነጠላ ላይ ሲፈስ አይታችኋል? በጥለቱ በኩል ክር ይዞት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በነጩ በኩል ግን ወዴት እንደሚያልቅ ሳይታወቅ እየደበዘዘ ይሄዳል። ልክ እንደዚያ ነበር። በዙሪያው ደግሞ ጥቃቅን ነጥቦች ተበትነዋል። ቲ1 በሚባለው ፊልም ያው ቦታ ጠቁሯል፤ ዲፊውዥን በሚባለው ዳሩ ያበራል። አንጎሉን አልገፋውም፣ እብጠት የለውም።

«አሮጌው ላይ አሁን እዚሁ ቦታ ተመልከቺ» አሉኝ። ተመለከትኩ። የሆነ ብዥታ አለ፤ ካልነገሯችሁ በቀር የምታልፉት። ሐኪሜ እኔም አልፌዋለሁ አሉ፣ ሳይሸሹ። ለዚህ ነው አንድ ፊልም ብቻውን ብዙ የማይናገረው። ያ ብዥታ በሦስት ወር ውስጥ አድጎ ራሱን አሳወቀ። የኤምኤስ ቁስል ብቅ ብሎ፣ ቀለም ወስዶ አብርቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ይረጋል፤ ፒኤምኤል ግን ማደጉን አያቆምም።

ከወገቤ የአከርካሪ ፈሳሽ ተቀድቶ ለፒሲአር ተላከ፤ ወረርሽኙ ስሙን ለሁላችን ያስተማረን ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ቫይረስ የለም የሚል ነበር። ባለቤቴ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ እኔም አብሬው። ሐኪሜ ግን አልተቀበሉትም። ቁስሉ ትንሽ ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቫይረስም ትንሽ ስለሚሆን ተራ ላቦራቶሪ ሊያልፈው ይችላል አሉ፤ እንደገና ተቀድቶ የቫይረሱን ጥቂት ቅጂዎች እንኳ ወደሚለይ ላቦራቶሪ ተላከ። ተገኘ። እናንተም በፊልም ላይ ጥርጣሬ ካለ፣ አንድ ጊዜ የለም መባሉ ብቻ ፋይሉን እንዳይዘጋው ጠይቁ። ላቦራቶሪው ስንት ቅጂ ድረስ ማየት እንደሚችል መጠየቅም ነውር አይደለም።

ጄሲን የሚገድል የታወቀ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ታይሳብሪን አቁሞ የራስን ወታደሮች ወደ አንጎል መመለስ ነው። መድኃኒቱ ካቆሙት በኋላም ለሁለትና ሦስት ወር ያህል ሥራውን ስለሚቀጥል፣ ሆስፒታል ተኝቼ ፕላዝማዬን፣ ማለትም የደሜን ፈሳሽ ክፍል፣ በማሽን እያጣሩ መድኃኒቱን አወጡልኝ። የዚህ ጥቅም በሐኪሞች ዘንድ አከራካሪ እንደሆነ ነግረውኛል፤ ሁሉም ሆስፒታል አያደርገውም። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንገት ላይ የሚገባው ቱቦ ከማስጠላቱ በቀር አያምም።

ከበሽታው ይልቅ ያስፈራኝ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሑድ ቀን ዘመዶች መጥተው ቡና አፍልቼ ሲኒዎቹን በትሪ ይዤ ስዞር፣ ትሪው በግራ በኩል ቀስ እያለ ዘመመ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ አላመመኝም፤ ላነሣው ስፈልግ ብቻ አልነሣም አለኝ። ሲኒዎቹ ተራ በተራ ሲንሸራተቱ ቆሜ አየኋቸው። የአክስቴ ልጅ ትሪውን ያዘችልኝ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ገባን። አዲሱ ፊልም ላይ ቁስሉ ሰፍቷል፣ አብጧል፣ ቀድሞ ያልበራው አሁን በቀለም በርቷል። ያየ ሰው ቫይረሱ ያሸነፈ ይመስለዋል። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቼ ተመልሰው ገብተው ቫይረሱን ሲያጠቁ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አስቆጡት። ሐኪሞቹ ይህን በምህጻር አይሪስ ይሉታል፤ ታይሳብሪ ካቆሙት የፒኤምኤል ሕሙማን አብዛኞቹ ያዩታል። የሚታከመው በስቴሮይድ ነው። ጊዜው ግን ስስ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጠ የሚመለሱትን ሴሎች ያዳክማል፣ ከዘገየ እብጠቱ ይጎዳል። ለዚህም ዳኛው ፊልሙ ነበር። የድንገተኛ ክፍሉ ወጣት ሐኪም ኤምኤሱ አገርሽቶብሻል ብሎ ነበር የጀመረው። ባለቤቴ የፒኤምኤል ታካሚ መሆኔን የሚገልጸውን ወረቀትና የነርቭ ሐኪሜን ስልክ ከቦርሳዬ አውጥቶ ባያስይዘው ኖሮ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም። እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ያዙ። ታይሳብሪ የሚወስድ ሰው ገና ምንም ሳይነካውም የሕክምና ካርዱን ቢይዝ ይበጀዋል።

አብረዋችሁ የሚኖሩት ያንብቡት ያልኩትም ለዚህ ነው። የግንባር በኩል አንጎል ሲነካ ጠባይ፣ ንግግር፣ ትኩረት ሊለወጥ ይችላል፤ የተለወጠው ሰው ግን ራሱን አያየውም። ኤምኤስ ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ዓይንንና የጀርባን ነርቭ ይወዳል። ፒኤምኤል በሳምንታት እየተጎተተ ይገባል፤ የዓይንን ነርቭና የጀርባን ኅብለ ሰረሰር ብዙም አይነካም። ሚስት፣ ባል፣ እህት፣ የቤት ጓደኛ፣ ቀጠሮው ላይ ይገኙና ይናገሩ። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ። እዚህ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅ እናቱን አፍሮ ያልጠየቀውን ነገር አስተርጓሚው ይጠይቃታል።

ሌላም ነገር አለ፣ በእኛ መካከል ስለሆነ ሳልጽፈው አልቀርም። የበሽታዬን ስም የሰሙ ሰዎች ስልካቸው ላይ ፈልገው ከኤድስ ጋር ተያይዞ አገኙት። እውነት ነው፣ ፒኤምኤል ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይም ይታያል፤ የመከላከል አቅም የሚዳከምበት ምክንያት ብዙ ነው። ወሬው ግን ማብራሪያ አይጠብቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባለቤቴን ጎን ወስደው የጠየቁት አሉ። እኔ የመረጥኩት ከሰው ሁሉ ጋር መከራከር ሳይሆን፣ ለሦስት ለምቀርባቸው ሴቶች የመድኃኒቱን ስም፣ የቫይረሱን ስም፣ አመጣጡን በደንብ አስረድቼ እነርሱ እንዲናገሩልኝ መተው ነው። ሠራ። ኤችአይቪ ያለባት ብትሆንስ ምን ልትሏት ነበር ያለችው አንዷ ናት፤ ከእኔ የተሻለ መልስ ነበር።

በታይሳብሪ ምክንያት ፒኤምኤል ከያዛቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ በሕይወት ይተርፋሉ፤ ምልክት ሳይመጣ በፊልም የተገኘባቸው ደግሞ በሕይወት መትረፍም ሆነ ራሳቸውን መቻል ላይ ከሌሎቹ ይሻላሉ። እኔ ከእነዚህ አንዷ ነኝ። ግራ እጄ አልተመለሰም ማለት አልችልም፣ ተመልሷልም አልልም። ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን በግራ ጣቶቼ የምጽፋቸው ፊደላት ይዘገያሉ። ሐኪሜ ለኤምኤሱ ግላቲራመር የሚባለውን መርፌ ጀምረውልኛል፤ እንደ ታይሳብሪ ብርቱ ባይሆንም የመከላከል አቅምን አያዳክምም።

ስለ ፊልም ጥቂት ልጨምር። ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማሽን ተነሡ፤ ኢንሹራንስ ካዘዋወራችሁ የቀድሞ ፊልሞቻችሁ ቀድመው እንዲላኩ አድርጉ፣ ሪፖርቱ ላይም ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሯል የሚል ቃል ፈልጉ። ከሌለ ደውላችሁ ይነጻጸር በሉ። ማዘዣው ላይ የታይሳብሪ ታካሚ መሆናችሁና የፒኤምኤል ክትትል መሆኑ ይጻፍ፤ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት የሚፈልገውን ሲያውቅ ሌላ ቦታ ያያል። ለክትትሉ ብቻ ከሆነ አጭር ኤምአርአይ ይበቃል፤ ፍሌር፣ ቲ2ና ዲፊውዥን ካሉበት በየጊዜው ቀለም መወጋት ላያስፈልግ ይችላል። ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዲስኮቹን ቤታችሁ በቀን ደርድራችሁ አስቀምጡ።

በቅርቡ አንዲት እህት ደወለችልኝ። ታይሳብሪን አቁማ ወደ ሌላ መድኃኒት ከመሻገሯ በፊት ለወራት አዲስ አበባ ልትቀመጥ ነው፤ መድኃኒቱን ስላቆመች ክትትሉም ያበቃ መስሏታል። አላበቃም፤ ካቆሙት በኋላም እስከ ስድስት ወር ድረስ ፒኤምኤል ሊመጣ ይችላል። ከመሄዷ በፊት አንድ ፊልም እንድትነሣ፣ ዲስኩን በእጅ ሻንጣዋ እንድትይዝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እንድትነሣ ነገርኳት። «የእዚያ ማሽን ይሆናል?» አለችኝ። የማሽኑ ማግኔት ጉልበት 1.5 ቴስላ ከሆነ እንደሚበቃ፣ ፍሌርና ዲፊውዥን ብላ እንድታስጽፍ፣ የወጣውንም ለእዚህኛው ሐኪሟ እንድትልክ መለስኩላት። ቲኬቷን ገና አልቆረጠችም ነበር፤ ቀጠሮዋን አስቀድማ ያዘች።